ስልሳ አንድ ስም በአንድ እጅ

አዳማ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሚልካ ዲበኩሉ
ጎተቦርግ፣ ስዊድን

ልጄ ሚልካ፣ ሰላምታዬ ካለሽበት ብርድ ድረስ ይምጣልሽ። በዚያ አገር ፀሐይ ቶሎ ትጠልቃለች ብለሽኝ ነበርና አምላክ ብርሃኑን ከፊትሽ አያጥፋው። እኔን የሚያስቸግረኝ ጉልበቴ ብቻ ነው። ነፋሱ እንደምታውቂው ነው፤ የአዳማን አቧራ ሁሉ ሰብስቦ እኔ ቤት ያወርደዋል።

ስልክ እያለ ለምን ትጽፊያለሽ ብለሽኝ ነበር። በስልክ ስናገር ጎረቤቱ ሥራውን ትቶ ይሰማኛል። ደግሞስ ይህን ፊደል በሃምሳ ስምንት ዓመቴ የተማርኩት ተቀምጦ እንዲዝግ ነው? አንቺም በወረቀት መልሺልኝ። ወንድምሽ ጋሮምሳ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ፖስታ ሣጥን ከላክሽው ያመጣልኛል።

ስለ ወንድምሽ ልንገርሽ። ጋሮምሳ ፓርቲ አቋቁሟል። ስሙ "የሐይቆች ዳር ሕዝብ ፓርቲ" ይባላል። ከዝዋይ እስከ ቆቃ ያለው ውሃ ለሽንኩርት አልሚውም ለከተማውም በሥርዓት ይዳረስ ነው የሚሉት። ሊቀመንበራቸው ፈይሳ የሚባል፣ መቂ የውሃ ፓምፕ የሚጠግን ሰው ነው። መጀመሪያ ሲነግረኝ ሳቅሁበት።

"ስንት ናችሁ?" አልኩት።

"ሰባት።"

"በሰባት ሰው እድር እንኳን አይቆምም!"

ለካስ ሕጉም እንደ እኔው ነው የሚለው። በክልል ደረጃ ለመመዝገብ አራት ሺህ መሥራች አባል ያስፈልጋል። አራት ሺህ ሰው ስሙን፣ አድራሻውንና የመታወቂያ ቁጥሩን ሰጥቶ መፈረም አለበት። ያ ካልሞላ የፓርቲው ስም በምርጫ ወረቀት ላይ አይወጣም። ትልልቆቹ ይህን ከጨረሱ ቆይተዋል፤ በየገበያው ቅጽ ይዘው የሚንከራተቱት ትንንሾቹ ናቸው። ወንድምሽ ጂኦግራፊውን አስተምሮ ሲወጣ በቀጥታ መናኸሪያ ይሄዳል። አንዱ የባጃጅ ሹፌር "ቲቸር፣ ብፈርም ነዳጅ ትቀዱልኛላችሁ?" ብሎታል። ሌላው መታወቂያውን አውጥቶ ግማሹን ካጻፈ በኋላ "ቆይ ሚስቴን ልጠይቅ" ብሎ እንደ ወጣ ቀረ።

ከስቷል። አንገቱ የአባትሽን አንገት መስሏል። አሳዘነኝና "የሴቶች እድራችን ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ሴቶቹን ለእኔ ተዋቸው" አልኩት። ደስ አለው። እኔንም ደስ አለኝ፤ ግን አላሳየሁትም።

ጥሩ ጥቁር እስክሪብቶ ላኪልኝ። እዚህ የሚሸጠው በሙቀቱ ቀለሙን ይተፋል። እናትሽ በኦሮምኛ ያስለመደችሽን "አዳዳ" የሚለውን መጠሪያ አትተዪው፤ "አክስቴ" ከሚለው ይልቅ ይጥመኛል።

አዳዳሽ መሰለች ገብረወልድ


ጎተቦርግ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአዳዳ መሰለች

አዳዳ፣ ደብዳቤዎን በር ሥር ወድቆ ሳገኘው ጫማዬን ሳላወልቅ ቆሜ አነበብኩት። ጌታ ጉልበትዎን ያበርታልዎ። "የጴንጤ ጸሎት ለጉልበት ይሠራል ወይ?" እንደሚሉ አውቃለሁ። ይሠራል፤ ዝም ብለው አሜን ይበሉ።

ደብዳቤውን ወደ ሥራ ይዤው ሄድኩ። የምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አንድ የዘጠና አንድ ዓመት ሽማግሌ አሉ፤ ዓይተውት "ይህ ጽሑፍ ነው ወይስ የወንበር ሥዕል?" አሉኝ። እውነትም የእርስዎ "ለ" እና "ሰ" የአዳማ ነፋስ እንዳይጥላቸው የፈሩ ይመስል እግራቸውን በጣም ከፍተው ነው የሚቆሙት። የሌላ ሰው ጽሑፍ እንዲህ አይቼ አላውቅም። ሳየው ድምፅዎን የሰማሁ ይመስለኛል።

ጋሮምሳ በስልክ "ደህና ነው" ከማለት ሌላ የሚነግረኝ የለም። እባክዎ እርስዎ ይንገሩኝ። በሥርዓቱ ይበላል? ሥራውን በድሎ ከአለቆቹ ጋር እንዳይጣላ እፈራለሁ። ደግሞ በየንግግሩ መካከል ዘሃራ የምትባል ሰው ትገባለች። ማን ናት?

እስክሪብቶዎቹን ለገና ወደ አገር ቤት በሚመጣው በኦሊቃ እጅ ልኬያለሁ። ስድስት ናቸው። የቢሾፍቱ ልጅ ነው፤ ራሱ ቤትዎ ድረስ ያደርስልዎታል።

የምትወድዎት ሚልካ


አዳማ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሚልካ

ጥምቀቱን በሰላም ያዋለን ጌታ አንቺንም በሄድሽበት ይጠብቅሽ። አሜን ብያለሁ፤ ጉልበቴ ግን እስካሁን አልሰማም። እስክሪብቶዎቹ ደርሰውኛል። እንደ ቅቤ ነው የሚሄዱት።

ዘሃራን ጠይቀሽኛል። የደራ ልጅ ናት፤ እዚህ በእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ትሠራለች። በእኛ ቀበሌ ፊርማ እንድትሰበስብ ፓርቲው የመደባት እሷን ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ተምራለች። ቅጹን ስታስረዳኝ ቃሉን እየቆረሰች፣ ሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው ነበር የምትናገረው። እሷ በስድስት ዓመቷ ተቀምጣ ያገኘችውን እኔ ሽበት አብቅዬ ነው ያገኘሁት፤ ይህን ማን ይንገራት?

"እማማ፣ እያንዳንዷ እኔ እያየሁ መፈረም አለባት" አለችኝ። "መጻፍ የማትችል የአውራ ጣት አሻራዋን ታደርጋለች።"

"ሴቶቹ ቀን ቀን ገበያ ናቸው። አንቺም ሥራ አለሽ። ቅጹን ለእኔ ተዪልኝ" አልኳት።

አመነታች። "የእድሩን መዝገብ አራት ዓመት ስይዝ አንድ ስም ጠፍቶብኝ አያውቅም" ስላት ፊቴን አይታ ተወችልኝ።

በሦስት ቀን ስልሳ አንድ ስም ሞላሁላት! የመታወቂያ ቁጥራቸው እንደሆነ መዝገቤ ላይ አለ። አንዳንዶቹን በር ላይ አግኝቼ "ለጋሮምሳ ነገር ጽፌሻለሁ" አልኳቸው፤ "እሺ እትዬ" አሉኝ። ሌሎቹ የራሴው ሰዎች ናቸው፤ አውቃቸዋለሁ። በእድራችን ፊርማ ማለት ስምሽ በጸሐፊዋ እጅ መጻፉ ነው። ድስትና ወንበር ስትረከብም፣ ለቀስተኛ ስታስተናግድ ከጓዳ መውጣት ሲያቅታትም ስሟን የምጽፍላት እኔ ነኝ፤ አንድም ቀን "ይህ የኔ አይደለም" ያለች የለችም። አንዷም ጣቷን በቀለም አላቆሸሸችም። ስልሳ አንዱም ጥርት ብሎ ተጽፏል።

ዘሃራ መጥታ ወሰደችው። በየገጹ ግርጌ "ሲፈርሙ አይቻለሁ" የሚል ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ፈረመች። ባጃጅ በር ላይ አቁማ ስለነበር በችኮላ ነው የፈረመችው።

ማታ ጋሮምሳ መጣና አቀፈኝ። "አዳዳ፣ አራት ሺህ ሃያ ሁለት ሞላን! ከሁላችንም ብዙ ያመጡት እርስዎ ነዎት" አለኝ። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ቆይቻለሁ። በደንብ በላ፤ አትስጊ።

አዳዳሽ መሰለች


ጎተቦርግ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአዳዳ መሰለች

የሰማይ አምላክ ሰላሙን ያብዛልዎ። በሥራ ብዛት ሳልመልስልዎ ቆየሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ጋሮምሳ ትናንት ደወለ። ድምፁን መጀመሪያ አላወቅሁትም። የምርጫ ቦርዱ ፊርማዎቹን ሲመረምር ከእናንተ ቀበሌ የመጡት ስልሳ አንድ ስሞች በአንድ ሰው እጅ የተጻፉ ሆነው አግኝቷቸዋል አለኝ። ሁሉም ተሰርዘዋል። የቀራቸው ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አንድ ነው። እስከ ግንቦት 30 ጊዜ ተሰጥቷቸዋል፤ አዲስ ስም ግን አይጨመርም። ስማቸው የተጻፈው ሰዎች ራሳቸው "አዎ፣ እኔ ነኝ" ብለው እንደገና ከፈረሙ ብቻ ይቆጠራል። ከስልሳ አንዱ ሠላሳ ዘጠኙ ቢፈርሙ ፓርቲው ይመዘገባል፤ ካልሆነ ሁሉንም እንደገና መጀመር ነው፣ ለዚህ ምርጫም አይደርሱም።

ዘሃራን ከፓርቲው አግደዋታል። ቤቷ ተቀምጣ ሞላችው እያሉ ነው። እሷም "ገጹ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው" ከማለት ሌላ ምንም አልተናገረችም። ሥራ ቦታዋ ድረስ ሄደው "ሐሰተኛ" ያሏት ሰዎች አሉ።

አዳዳ፣ ቅጹ በእርስዎ እጅ አልፏል። ምን ሆኖ ነው? ጋሮምሳ ሴቶቹን ያግባቡት እርስዎ፣ ቅጹን ይዛ ያስፈረመችው ግን ዘሃራ ይመስለዋል፤ እርስዎን ለመጠየቅም ያፍራል። በእሱ ስልክ ላገኝዎት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ "ሀሎ" ብለው ስልኩን ለእሱ መለሱለት። እባክዎ ይጻፉልኝ።

ሚልካ


አዳማ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሚልካ

ዛሬ የሰሙነ ሕማማት ሰኞ ነው። በዚህ ሳምንት ሰላምታ ስለማንሰጣጥ ያለ ሰላምታ ጀምሬአለሁ፤ አትቀየሚኝ።

ደብዳቤሽ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። እኔም ስግደቱ ጉልበቴን አደከመኝና ቶሎ አልጻፍኩልሽም። ሽንኩርት ረክሷል። ከመቂ የሚመጣው መኪና ሙሉ እየተራገፈ ገዢ አጥቶ ይበሰብሳል። በእኛ መንገድ ላይ ኮብልስቶን ሊያነጥፉ ቆፍረው ትተውት ሄደዋል።

ስለዚያች ልጅ የጠየቅሽኝን እኔ ምን አውቃለሁ? ልጅ ናት፤ ትማርበታለች። የተማረ ሰው ሌላ ሥራ አያጣም።

እስክሪብቶ ከእንግዲህ አትላኪልኝ። ይልቅ ለጉልበት የሚቀባ ነገር ካገኘሽ ላኪልኝ።

መሰለች


ጎተቦርግ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት ለአዳዳ መሰለች

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረስዎ። ኦሊቃ እህቱን ሊድር እንደገና ስለሚመጣ ይህን በእሱ እጅ ልኬዋለሁ፤ ከቅባቱ ጋር ይሰጥዎታል። ብቻዎን ሲሆኑ ያንብቡት።

ጋሮምሳ የተሰረዙትን ገጾች ፎቶ ላከልኝ። "እስቲ አንቺ እዪው፤ የማን ጽሑፍ እንደሆነ ግራ ገባን" አለኝ። ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ የእርስዎን ደብዳቤዎች ከጎኑ ዘረጋኋቸው።

አዳዳ፣ እነዚያ እግራቸውን የከፈቱ "ለ"ዎች ናቸው። ስልሳ አንድ ጊዜ።

ጋሮምሳ ጽሑፍዎን አያውቀውም። ደብዳቤዎን አሽገው ነው የሚሰጡት፤ እሱ ከላይ አድራሻዬን በላቲን ፊደል ይጽፍበታል እንጂ ውስጡን አያይም። በዓለም ላይ የእርስዎን እጅ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው። ዘሃራ ግን ቅጹን ለማን እንደተወች ታውቃለች። አውቃ ዝም ብላለች።

በጥር የጻፉልኝን ደግሜ አነበብኩት። ያኔ ሁሉንም ነግረውኝ ነበር፤ እኔም ስቄ አለፍኩት። ጥፋት መሆኑን እንዳላወቁ አምናለሁ። አሁን ግን ያውቃሉ።

አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ለጋሮምሳም ነግሬው አላውቅም። እዚህ ሥራ በጀመርኩ ዓመት ለአንዲት አሮጊት መድኃኒት ሰጥቻለሁ ብዬ ፈረምኩ፤ አልሰጠኋትም ነበር። አለቃዬ ያለችኝ አልገባኝም፤ ሁለተኛ እንዳልጠይቃት ቋንቋዬ አሳፈረኝ። ሴትዮዋ ምንም አልሆነችም። ነገሩ ሲታወቅ ግን አብራኝ የምትሠራዋ ልጅ ተጠየቀች፤ እኔ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ተናገርኩ። ሁለቱ ቀን እስካሁን ያመኛል። የእርስዎ ሁለት ወር ሊሞላው ነው።

ለጋሮምሳ አልነግረውም። እርስዎ ይንገሩት። እስከ ግንቦት 30 ጊዜ አለ።

እጅዎን እስማለሁ፤ ያንኑ እጅ።

ሚልካ


አዳማ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሚልካ ዲበኩሉ

ደብዳቤሽን ካነበብኩ አራት ቀን ሆነኝ። በመጀመሪያው ቀን ቀደድኩት። በሁለተኛው ቀን ቁርጥራጩን ሰብስቤ ጠረጴዛ ላይ ገጣጠምኩት። አንቺን ማን ዳኛ አደረገሽ? ያዘልኩሽ እኔ፣ ያበላሁሽ እኔ፤ አሁን ባሕር ማዶ ተቀምጠሽ ፊደሌን በፎቶ ትመረምሪያለሽ! ይህን ሁሉ ልጽፍልሽ ነበር። ይኸው ጻፍኩት። አሁን ሌላውን ልጻፍ።

አዎ፣ እኔ ነኝ።

ለምን ጣታቸውን አላስቀባሽም ትይኝ ይሆናል። ባሌ የሞተ ዓመት አንቺ ገና ትንሽ ነበርሽ። ወንድሙ ወረቀት ይዞ መጣ። "የውሃ መስመር ለማስገባት ነው፤ ጣትሽን እዚህ ላይ" አለኝ። የቀለሙን ሣጥን ራሱ ከፍቶ፣ እጄን በእጁ ይዞ ጫነልኝ። በኋላ ወረቀቱ የውሃ አልነበረም። የመንገድ ዳሩን ቤት ለእሱ የሰጠሁበት ነበር። ፍርድ ቤት ስሄድ ዳኛው ወረቀቱን አሳየኝ፤ "ይህ ያንቺ ጣት ነው?" አለኝ። ነው። አሁን ያለሁባት የጓሮዋ ክፍል የተረፈችኝ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ጣት ሳይ ፊቴን አዞራለሁ። ቀበሌ አዳራሽ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚማሩ አሮጊቶች መሃል ገብቼ ሀ ሁ ያልኩት ለዚህ ነው። እናም ዘሃራ "አሻራ" ስትለኝ፣ "የኔ ሴቶች ይህን አያደርጉም" አልኩ በልቤ። ንጹሕ ስም ልሰጣቸው ፈለግሁ። እይው፣ ጥፋቴን ስናገር እንኳን ጥሩ ሥራ አስመሰልኩት።

የከፋውን ደግሞ ስሚ። ዘሃራ በመጋቢት ቤቴ መጥታ ነበር። በር ላይ ቆመች። "እማማ፣ እኔ አልተናገርኩም። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ቅጹን መተው አልነበረብኝም። ግን እርስዎ ራስዎ ይናገራሉ ብዬ እጠብቃለሁ" አለችኝ። ግቢ እንኳን አላልኳትም። ሄደች። እውነቱን ልንገርሽ፤ ጀርባዋን ሳይ ደስ አለኝ። አሥራ ስድስት ዓመት የተማረችው በፊርማ ተይዛ እኔ ተረፍኩ አልኩ። እንዲህ ያለ ልብ ነው ያለኝ፤ እወቂው።

ነገ ወደ ጽሕፈት ቤታቸው እሄዳለሁ። ይህን ዛሬ ፖስታ ቤት የማስገባው ነገ ወደ ኋላ እንዳልል ነው።

መሰለች


አዳማ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሚልካ

እንዴት ሰነበትሽ? ቤትሽ፣ ሥራሽ፣ እነዚያ ሽማግሌሽ ሁሉ በደህና ይቆዩሽ።

ሄድኩ። ጽሕፈት ቤት የሚሉት ከወፍጮ ቤት ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ነው፤ ወፍጮው ሲነሣ ተጯጩኸው ነው የሚነጋገሩት። ጋሮምሳና ፈይሳ ነበሩ። እኔም እየጮኽኩ "ስልሳ አንዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ!" አልኩ። ልክ ያን ጊዜ ወፍጮው ቆመ። መንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሰማኝ።

ጋሮምሳ አላየኝም። ወጥቶ ሄደ። ወፍጮ ቤቱን አንድ ጊዜ ዞሮ መጣና ወንበር ሰጠኝ። "ለምን አልነገሩኝም፣ አዳዳ?" አለ። "በፊት ምን እንዳጠፋሁ አላወቅሁም። ካወቅሁ በኋላ ደግሞ አፈርኩ" አልኩት።

ፈይሳ ለዘሃራ ደወለላት። ደራ እናቷ ዘንድ ነበረች፤ በሚኒባስ መጣች። ይቅርታ ሊጠይቃት ሲጀምር "ጋሼ ፈይሳ፣ ይቅርታው ይቆየን። ቅጹን ስጡኝ፤ ቀን የለንም" አለችው። ወደ እኔ ዞራ "እማማ፣ መሄድ ይችላሉ?" አለች። እችላለሁ አልኳት። ቅባትሽ ጥሩ ነው።

በማግሥቱ እሑድ የእድር ስብሰባ ነበር። ሴቶቹ ፊት ቆሜ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ሽንኩርት የምትሸጠው ሰሊማ "ከጥር ጀምሮ የፓርቲ መሥራች ነኝ ማለት ነው? ለባሌ ንገሩልኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ በቀጠሮ ያናግረኝ!" አለች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ የተቀመጠችው አበባ ግን አልሳቀችም። ተነሣች።

"እትዬ መሰለች፣ ጣቴን ወሰዱብኝ ብለሽ ሃያ ዓመት ነገርሽን። እኛም አብረን አለቀስን። የእኛን ስም ስትወስጂ ግን አንዳችንን እንኳን ተቀምጠሽ አልጠየቅሽንም።"

መቀመጥ ፈለግሁ፤ ግን ቆሜ ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ ከዘሃራ ጋር ቤት ለቤት ዞርን። እሷ ትናገራለች፣ እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ፓርቲው ምን እንደሚፈልግ፣ መሥራች አባል መሆን ምን ማለት እንደሆነ ታስረዳለች። ያ እየቆረሰች የምትናገረው ነገር ለእኔ ብቻ አልነበረም ለካ፤ ለሁሉም እንደዚያው ነው። አንዳንዷ "ከተጠየቅሁማ እሺ" ብላ ጣቷን አደረገች። ሰሊማ ደግሞ ስለ መስኖው ክርክር ገጥማ አንድ ሰዓት አቆይታን ነው የፈረመችው። ስምንት ሴቶች በገዛ እጃቸው ጻፉ፤ መጻፍ እንደሚችሉ እኔ አላውቅም ነበር፣ ጠይቄያቸው አላውቅማ። እምቢ ያሉም ብዙ ናቸው። አንዷ "ያኔም አልፈለግሁም፤ አንቺን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት" አለችኝ።

እስከ ግንቦት 28 ሠላሳ አራት ሆኑ። አምስት ጎደለ።

የቀረን የአበባ ግቢ ብቻ ነበር። እሷ፣ እህቷና ሦስት ምራቶቿ፤ ልክ አምስት። አበባ ያለችውን ነው ሌሎቹም የሚሉት። ፈይሳ ከመሄዳችን በፊት ወደ ጎን ሳበኝ።

"እማማ፣ የአበባ እናት አልጋ ላይ ናቸው አሉ። ዛሬ ነገ እድሩ ያስፈልጋታል። እርስዎን ልታስቀይም አትችልም። ዝም ብለው ፊቷ ይቀመጡ፤ ያ ይበቃል።"

ክፉ ሰው አይደለም። ስድስት ወር ፓምፑን ትቶ የለፋበት ነው። የተናገረው ደግሞ እውነት ነበር፤ ፊቷ ብቀመጥ ይበቃ ነበር።

ዘሃራ አስረዳቻት። አበባ በደንብ ሰማች።

"ልጄ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ችግር ያመጣበታል?"

"ሕጉ አያመጣበትም። ማንም ምንም አይለውም ብዬ ግን አልምልልዎትም" አለች ዘሃራ።

ጋሮምሳ ትዝ አለኝ። አፌ ላይ የመጣውን ልመና ሁሉ ዋጥኩት። አበባ ዘሃራን ትታ ወደ እኔ ዞረች። በጓዳ በኩል የእናቷ ሳል ይሰማል።

"እትዬ፣ አሁን እምቢ ብል እናቴ የሞተች ቀን ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ።"

"እድሩም?"

"እድሩም።"

"እንግዲያው እምቢ።"

"እሺ" አልኳት። እህቷና ምራቶቿም እምቢ አሉ። ለእነሱም እሺ አልኩ። ተነሥተን ወጣን።

ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አምስት። በአምስት ሰው ወደቁ ሚልካ! አልተመዘገቡም። ለዚህ ምርጫ አይደርሱም። ጋሮምሳ ለሁለት ቀን አልመጣም፤ በሦስተኛው ቀን መጥቶ በላ። ፈይሳ እስካሁን ሰላም አይለኝም። በመስከረም ከአንድ ይጀምራሉ። ዘሃራ ትመለስ አትመለስ አልነገረችንም፤ ማን ይጠይቃታል? እኔ ተናድጃለሁ፤ በራሴም፣ በአበባም፣ በአምስቱም። ጸጸት ልብ ያለሰልሳል የሚል ካለ የኔን ይምጣና ይንካው።

የአበባ እናት ትናንት አረፉ። ጉልበቴን እየጎተትኩ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። ወንዶቹ ድንኳኑን ሲያቆሙ ወንበሩን ቆጥሬ አስረከብኩ፤ ድስቱ መጣ፤ ለማንኛዋም አባል እንደሚደረገው ሁሉ ተደረገ። አበባ ግን በዚያ ሁሉ ለቅሶዋ መካከል ሁለት ጊዜ ወደ በር ወጣች። ድንኳኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ተመልሳ ገባች። እመጣለሁ ብያት ነበር። ቢሆንም ወጥታ ማየት አስፈለጋት።

አሁን ለቀስተኛ ላስተናግድ ልሄድ ነው። ልብስሽን ደርቢ።

አዳዳሽ መሰለች